ዩራኒየም በጎረቤት፦ ከግሬት ቤር ሐይቅ እስከ ላንስዳውን ጎዳና

ላንስዳውን ጎዳና ከፓርክዴል፣ ከኩዊን ጎዳና ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወጣል። በዚሁ መንገድ ኮሌጅንና ብሎርን አልፎ ዱፖንትን የተሻገረ ሰው፣ ከመነሻው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቁጥሩ 1025 የሆነ ፋብሪካ ያገኛል። በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ የዩራኒየም ዱቄት እየተጠቀጠቀና በኃይለኛ ሙቀት እየተተኮሰ የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር እንክብል ይሆናል። እንክብሎቹ ፒተርቦሮ ከተማ ውስጥ በብረት ቱቦ ታሽገውና በእስር በእስሩ ተገጣጥመው ለፒከሪንግና ለዳርሊንግተን የኑክሌር ማመንጫዎች ነዳጅ ይሆናሉ። ከኦንታሪዮ ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ከኑክሌር ስለሚመጣ፣ በፓርክዴል የኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ የሚበራው መብራትና የሚሠራው አሳንሰር ከዚህ ፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ነው። ይሁንና ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖሩት ብዙዎቹ ሰዎች እዚያ ምን እንደሚሠራ የሰሙት በ2012፣ ሥራው ከተጀመረ ከ47 ዓመት በኋላ ነው።

የዩራኒየምን ታሪክ ብዙ ሰው በቁርጥራጭ ያውቀዋል። አንዱ የሂሮሺማን ቦምብ ያስታውሳል፣ ሌላው በስልኩ የደረሰውን የፒከሪንግ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ደግሞ በሃይድሮ ቢሉ ላይ ለዓመታት ሲጨመር የኖረውን የዕዳ መክፈያ። ቁርጥራጮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። አደጋውን የሚያውቁ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩ፤ አደጋውን የሚሸከሙት ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሰማሉ። ነገሩ የተሻሻለውም በየጊዜው ተሸካሚዎቹ ዐውቀው እምቢ ሲሉ ነው። ስለዚህ ኑክሌር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ከሚለው ክርክር በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ማን ያውቃል? ማን ተስማማ? ሒሳቡን ማን ይከፍላል? የሚከተለው ትረካ ኦንታሪዮና ካናዳ እነዚህን ጥያቄዎች በየዘመኑ እንዴት እንደመለሱ ይከታተላል። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1930–1945፦ ራዲየም፣ ጦርነትና ያልተነገራቸው ተሸካሚዎች

በ1930 የጸደይ ወራት ጊልበርት ላባይን የተባለ ማዕድን ፈላጊ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛት፣ በግሬት ቤር ሐይቅ ዳርቻ ፒችብሌንድ የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ አገኘ። በዚያን ጊዜ የሚፈለገው ዩራኒየሙ ሳይሆን አብሮት የሚገኘው ራዲየም ነበር። ሐኪሞች ለካንሰር ሕክምና ስለሚሹት የአንድ ግራም ዋጋ በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠር ነበር፤ ገበያውም ከኮንጎ ማዕድን በሚያወጣ የቤልጅየም ኩባንያ ተይዞ ቆይቷል። የላባይን ኩባንያ ኤልዶራዶ ሐይቁ ዳር ማዕድን ማውጫ፣ ከቶሮንቶ በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ፖርት ሆፕ ደግሞ ማጣሪያ አቋቋመ፤ ማጣሪያው በ1933 ሥራ ጀመረ። ራዲየሙ ከወጣለት በኋላ የቀረው ዝቃጭ በከተማዋ ሸለቆዎችና ክፍት ቦታዎች ይደፋ ነበር። ለቤት መሠረትና ለግቢ ሙሌት የተወሰደውም ትንሽ አልነበረም።

ማዕድኑ ከሐይቁ ወጥቶ ባቡር እስኪያገኝ ድረስ በወንዝና በሐይቅ ረጅም መንገድ ይጓዝ ነበር። ጆንያዎቹን ከጀልባ ወደ ጀልባ በጀርባቸው ከሚያመላልሱት መካከል በዴሊኔ መንደር ዙሪያ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ የሳህቱ ዴኔ ሰዎች፣ ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እንደሚመሰክሩት ድንጋዩ ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። «በዚያ ዘመን አደጋው የት ይታወቅ ነበር?» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ይታወቅ ነበር። በጀርመን የሽኔበርግ ማዕድን ቆፋሪዎች በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ሁለት ሐኪሞች በ1879 ጽፈዋል። የካናዳ የማዕድን መሥሪያ ቤትም በ1930ዎቹ መጀመሪያ የራዲየም ማዕድን ለሚያጣሩ ሠራተኞች የጥንቃቄ መመሪያ አሳትሟል። ዕውቀቱ በመንግሥት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ጆንያ ተሸካሚው ዘንድ ግን አልወረደም።

ጦርነቱ ዝምታውን ሕግ አደረገው። ተዘግቶ የነበረው ማዕድን በ1942 እንደገና ተከፈተ፤ አሁን የተፈለገው ዩራኒየሙ፣ ፈላጊውም የአሜሪካ የአቶም ቦምብ ፕሮግራም ነበር። በጥር 1944 የካናዳ መንግሥት ኤልዶራዶን ወርሶ የመንግሥት ኩባንያ አደረገው። ፖርት ሆፕ የካናዳን ማዕድን ብቻ ሳይሆን፣ ለቦምቡ ፕሮግራም ከዋለው ዩራኒየም አብዛኛው የመጣበትን የኮንጎውን የሺንኮሎብዌ ማዕድንም አጣርታለች። የአፍሪካ ቆፋሪና የዴኔ ተሸካሚ ሳይተዋወቁ በአንድ ሥራ ላይ ተሰለፉ፤ የሥራው ፍሬ ምን እንደሆነ ዓለም ያወቀው ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ስትቃጠል ነው።

ለዚህ ዘመን መልስ የተፈለገው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በነሐሴ 1998 የዴኔ ልዑካን ሂሮሺማ ድረስ ሄደው፣ ሳያውቁ ለተሳተፉበት ነገር ይቅርታ ጠየቁ። በ2005 ደግሞ የካናዳ መንግሥትና ዴሊኔ በጋራ ያካሄዱት ጥናት፣ የሕዝቡ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በማኅበረሰቡ የታየውን ካንሰር በርግጠኝነት ከማዕድኑ ጋር ማያያዝ አይቻልም ሲል ደመደመ። ይህን ድምዳሜ በሐቀኝነት መቀበል ያስፈልጋል፤ በስታቲስቲክስ ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ መናገር ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደተሸከመ፣ ምን ያህል ጨረር እንደወሰደ በጊዜው የለካ አልነበረም። ልኬት ሳይኖር የመጣ የማስረጃ እጥረት ለኩባንያው ነጻ መውጫ፣ ለተጎጂው ደግሞ ሁለተኛ በደል ይሆናል። ቀጣዩ ምዕራፍ የተለየ መጨረሻ የነበረው ቢያንስ መዝገብ ስለተያዘ ነው።

1953–1963፦ ኤልየት ሌክ፣ በውል የተሠራች ከተማ

በ1953 የጂኦሎጂ ባለሙያው ፍራንክ ጁቢን ከሂውረን ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ጆሴፍ ሄርሾርን በሚባል ባለሀብት ገንዘብ ባስቆፈረው ቦታ ሰፊ የዩራኒየም ክምችት አረጋገጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሥራ ሁለት ማዕድን ማውጫዎች ተከፈቱ፤ በጫካው መካከልም ኤልየት ሌክ የምትባል ከተማ በቅላ ሕዝቧ 25 ሺህ ገደማ ደረሰ። ዋናው ገዢ ዩራኒየሙን ለጦር መሣሪያ የሚወስደው የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ነበር። በ1959 መጨረሻ ኮሚሽኑ ውሉን እንደማያራዝም ሲያስታውቅ ማዕድኖቹ በየተራ ተዘጉ፤ ሕዝቡም በጥቂት ዓመታት ከ10 ሺህ በታች ወረደ። ከተማዋ ፈጽማ ያልጠፋችው፣ የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ የነበሩትና በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሌስተር ፒርሰን መንግሥት ዩራኒየሙን ገዝቶ እንዲያከማች ስላደረጉ ነው። ዩራኒየም ገና ከጅምሩ ነጻ ገበያ ያልነበረውና በመንግሥት ውሳኔ የሚነሣና የሚወድቅ ሸቀጥ መሆኑን ይህ ክስተት ያሳያል። በመንግሥት ውሳኔ የቆመ ሥራ ደግሞ ለሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታው ከሌላው ይበልጣል።

ከከተማዋ በታች በወንዙ አፍ የሚኖሩት የሰርፔንት ሪቨር ፈርስት ኔሽን (ነባር ሕዝብ) ሰዎች ከዕድገቱ የደረሳቸው ሌላ ነበር። ማዕድኑን ለማሟሟት የሚያስፈልገው ሰልፈሪክ አሲድ በመሬታቸው ላይ፣ በከትለር ይመረት ጀመር፤ ፋብሪካው ከ1957 እስከ 1963 ሠርቶ ቆሻሻውን ትቶ ሄደ። ከማዕድኖቹ የወጣው ዝቃጭም ወደ ሰርፔንት ወንዝ ተፋሰስ ወረደ። ማዕድኖቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ በአካባቢው የቀረው ዝቃጭ ከ160 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። በውስጡ ያለው ራዲየም ግማሹ ለመክሰም 1,600 ዓመት ይፈጃል። አብዛኛውን ዩራኒየም ለመሸጥ የፈጀው ጊዜ አርባ ዓመት አይሞላም፤ ዝቃጩን በውሃና በአፈር ሸፍኖ መጠበቅ ግን ኩባንያና መንግሥት ሲፈራረቁ የሚቀጥል ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ የሰርፔንት ሪቨር ሰዎችን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄውን ከመሬት በታች የነበሩት ሠራተኞች እስኪያነሡት ድረስ ኦንታሪዮ ዝም ብላ ቆየች።

1974–1979፦ እምቢታ ሕግ ሲሆን

በኤልየት ሌክ ዋሻዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ወደ ሳንባ ይገባሉ፦ የድንጋይ አቧራና ራዶን የሚባለው ጨረር አመንጪ ጋዝ። አቧራው ሲሊኮሲስን፣ ጋዙ ካንሰርን ያመጣል። ሁለቱንም የሚቀንሰው አየር ማናፈሻ ነው፤ አየር ማናፈሻ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። በ1974 ሠራተኞቹ አንድ ነገር ሰሙ፦ የኦንታሪዮ የጤና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች የእነሱን ሕመም የሚመለከት ጥናት አውሮፓ ውስጥ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አቅርበዋል። ስለ ገዛ ሳንባቸው የተጻፈውን ውጤት ባሕር ማዶ ያሉ ሳይንቲስቶች ሲሰሙ፣ ለሠራተኞቹ የነገራቸው አልነበረም። በሚያዝያ 1974 ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ የዴኒሰን ማዕድን ሠራተኞች ከማኅበራቸው ፈቃድ ሳይጠብቁ ሥራ አቆሙ። በክልሉ ምክር ቤት የተቃዋሚው ኤንዲፒ ፓርቲ መሪ ስቲቨን ሉዊስ፣ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኤችአይቪ ልዩ መልዕክተኛ የሆኑት፣ ጉዳዩን በተደጋጋሚ አነሡት።

መንግሥት በዚያው ዓመት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ በጄምስ ሃም የሚመራ የምርመራ ኮሚሽን ሾመ። ኮሚሽኑ በ1976 ባወጣው ዘገባ፣ በኦንታሪዮ ዩራኒየም ማዕድን ከሠሩት ሰዎች መካከል በሳንባ ካንሰር ይሞታሉ ተብሎ የሚጠበቀው 45 ሲሆን 81 መሞታቸውን አሳየ። የሃም ትልቁ አስተዋፅኦ ግን ከቁጥሩ ባሻገር ነው። ችግሩ ከአቧራና ከጋዝ በፊት የዝምታ መሆኑን ለይቶ፣ ሠራተኛው የሚሠራበትን አደጋ ማወቅና በመፍትሔው መሳተፍ አለበት አለ። በ1979 ሥራ ላይ የዋለው የኦንታሪዮ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ የተገነባው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ለሠራተኛ ሦስት መብት ሰጠው፦ አደጋውን ማወቅ፣ በደኅንነት ጉዳይ መሳተፍ፣ አደገኛ ሥራን እምቢ ማለት። ዛሬ በፓርክዴል የሚኖር በመጋዘን፣ በምግብ ቤት ወይም በፋብሪካ የሚሠራ ሰው «ይህ ማሽን መከላከያ የለውም፣ አልነካም» ብሎ ከሥራው ሳይባረር መቆም የሚችለው፣ የኤልየት ሌክ ቆፋሪዎች በሳንባቸው በከፈሉት ዋጋ ነው። ይህ የትረካችን ዋና መታጠፊያ ነው፤ ከዚህ በፊት ምሥጢር የነበረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መብት ሆነ።

በዚያው ዘመን ሌሎች መሸፈኛዎችም ተገለጡ። የኤልየት ሌክ ሠራተኞች ከቆሙ ከአንድ ወር በኋላ፣ በግንቦት 1974፣ ህንድ የመጀመሪያውን የኑክሌር ሙከራዋን አደረገች፤ ፕሉቶኒየሙ የተገኘው ካናዳ ለሰላም ብላ ከሰጠቻት የምርምር ሪአክተር ነበር። ካናዳ ከዚያ በኋላ ለማን ምን እንደምትሸጥ የሚወስነውን ቁጥጥር አጠበቀች። በ1975 ደግሞ በፖርት ሆፕ አንድ ትምህርት ቤት በራዶን ተበክሎ በመገኘቱ ተማሪዎቹ እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1930ዎቹ የተደፋው ዝቃጭ በከተማው ሁሉ መሠራጨቱም ታወቀ። የፌዴራል መንግሥትና ከተማዋ አጠቃላይ ጽዳት ለማካሄድ የተፈራረሙት በ2001 ነው፤ በ2012 የተመደበው ገንዘብም በመላ አካባቢው ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ራዲየሙን የሸጠው ኩባንያው ነበር፤ ማጽጃውን የከፈለው ግን ግብር ከፋይ ነው።

1971–1999፦ ፒከሪንግ፣ ዳርሊንግተንና የዕዳው ጥያቄ

የቦምቡ ገበያ ሲዘጋ ዩራኒየም አዲስ ደንበኛ ያስፈልገው ነበር፤ ደንበኛውም የኦንታሪዮ የመብራት ኩባንያ ሆነ። ካናዳ ካንዱ የተባለ የራሷን ሪአክተር ሠራች። ልዩ ጠባዩ ዩራኒየሙ ሳይበለጽግ፣ በተፈጥሮ እንዳለ መጠቀሙ ነው፤ በዚህ የተነሣ አገሪቱ የማበልጸጊያ ፋብሪካ ሳያስፈልጋት ከማዕድን እስከ መብራት ያለውን መንገድ በእጇ ያዘች። የላንስዳውኑ እንክብል የዚህ ምርጫ ውጤት ነው። በ1971 የፒከሪንግ የመጀመሪያው ሪአክተር ሥራ ጀመረ። ከቶሮንቶ መሐል ወደ ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከተማው የሚጠጣውን ውሃ በሚቀዳበት ሐይቅ ዳር ይህን ያህል ትልቅ የኑክሌር ማመንጫ መተከሉ፣ በጊዜው ሊኮራበት የሚገባ ዘመናዊነት ተብሎ ነበር የተነገረው።

ሒሳቡ የመጣው በኋላ ነው። በነሐሴ 1983 በፒከሪንግ ሁለተኛው ሪአክተር ውስጥ አንድ የግፊት ቱቦ ተሰነጠቀ፤ በደኅና ቢዘጋም ቱቦዎቹ ከታሰበው ቀድመው ማርጀታቸው ታወቀ። የዳርሊንግተን ማመንጫ ደግሞ ሲታቀድ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል የተባለው፣ በ1993 ሲጠናቀቅ 14 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። መዘግየት፣ ከፍተኛ ወለድና የፖለቲካ መወላወል ዋጋውን እያናሩት ሄዱ። በ1997 የመብራት ኩባንያው ኦንታሪዮ ሃይድሮ በአሠራሩ ላይ በተካሄደ ግምገማ መሠረት ሰባት ሪአክተሮችን ከሥራ አወጣ። በ1999 ኩባንያው ሲከፋፈል 38 ቢሊዮን ዶላር ዕዳና ግዴታ ነበረበት፤ ከዚህ ውስጥ 19.4 ቢሊዮን ያህሉ ንብረቱ ሊሸፍነው የማይችል ነበር። ዕዳው በሙሉ የኑክሌር ነው ማለት ባይቻልም፣ ትልቁን ድርሻ የያዘው የኑክሌር ግንባታ ነው።

ያን ዕዳ የከፈለው እያንዳንዱ ቤት ነው። ከ2002 ጀምሮ በየሃይድሮ ቢሉ ላይ በኪሎዋት ሰዓት 0.7 ሳንቲም የዕዳ መክፈያ ይጨመር ጀመር፤ ከመኖሪያ ቤቶች የተነሣው በ2015 መጨረሻ ነው። በ2005 ከአዲስ አበባ መጥቶ ፓርክዴል አንድ ክፍል የተከራየ ሰው፣ እሱ ሳይኖር በ1980ዎቹ የተካሄደውን ግንባታ ለአሥር ዓመት ከፍሏል። አንዳንዶች «መብራቱን ስለተጠቀመ መክፈሉ ተገቢ ነው» ይላሉ። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ የሚጠቀም ይክፈል። ነገር ግን የሚከፍል ሰው ዋጋውን ከውሳኔው በፊት ማወቅ አለበት። ዳርሊንግተን ሲጀመር ለሕዝብ የተነገረው ዋጋ ሲጠናቀቅ ከተገኘው ሲሶ እንኳ አልነበረም።

2003–2014፦ የከሰሉ ጭስ ሲጠፋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ኑክሌርን ለመቃወም ብቻ ቢቆጠር ግማሽ እውነት ይሆናል። ሰባቱ ሪአክተሮች ሲዘጉ ክፍተቱን የሞላው በአብዛኛው ከሰል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከኦንታሪዮ ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉ ከከሰል ይመጣ ነበር፤ የቶሮንቶ የበጋ ሰማይ በጭጋግ ጭስ ይሸፈን፣ አስም ያለባቸው ልጆችና አዛውንት ከቤት እንዳይወጡ ይመከሩ ነበር። የግዛቱ መንግሥት ከሰልን ለማስወገድ ወሰነ፤ በ2014 የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ ተዘጋ። ንፋስ፣ ጋዝና ቁጠባ ድርሻቸውን ቢያበረክቱም፣ ትልቁን ክፍተት የሞሉት ታድሰው የተመለሱት የብሩስና የፒከሪንግ ማመንጫዎች ሪአክተሮች ናቸው። ከአውራ ጎዳናና ከባቡር ሐዲድ አጠገብ በሚኖሩ ሠፈሮች፣ ፓርክዴልን ጨምሮ፣ የአየሩ መጥራት የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

ሌላም የማይካድ ጥቅም አለ። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ኮባልት 60 የሚሠራው በሪአክተር ውስጥ ነው። ካናዳ በ1951 ከቾክ ሪቨር ሪአክተሯ የወጣውን ኮባልት ለሕክምና ካዋሉት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ሲሰጥ የኖረው በኮባልት መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ኑክሌር ከነጭራሹ ይቅር» የሚለው አቋም ከሰሉን ማን ይተካው ነበር፣ በሽተኛው በምን ይታከም ነበር ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያስፈልገዋል። የዚያን ያህልም «ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ጥያቄ አታብዙ» የሚለው አቋም አያስኬድም። የአየሩን መጥራት ያገኘው መላው ከተማ ሲሆን፣ ዝቃጩ የቀረው በሰርፔንት ወንዝ ነው። ጥቅሙ ለብዙዎች፣ ሸክሙ ለጥቂቶች ሲሆን የጥቂቶቹን ስምምነት መጠየቅ ይበልጥ ግድ ይላል።

2007–2020፦ ጎረቤት መጠየቅ ሲጀምር

በ2000ዎቹ አጋማሽ የዩራኒየም ዋጋ ሲያሻቅብ ፈላጊዎች ወደ ምሥራቅ ኦንታሪዮ ተመለሱ። በሻርቦት ሌክ አካባቢ ፍሮንተናክ ቬንቸርስ የተባለ ኩባንያ ቁፋሮ ሊጀምር ሲል የአርዶክ አልጎንኩዊን ነባር ማኅበረሰብ መግቢያውን ዘጋ። መሪያቸው ሮበርት ላቭሌስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ባለማክበር በየካቲት 2008 ስድስት ወር ተፈረደባቸው፤ በዚያው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለቀቃቸው። በ2009 ኦንታሪዮ የማዕድን ሕጓን ስታሻሽል ከነባር ሕዝቦች ጋር መመካከርን በሕጉ ውስጥ አስገባች። ቀድሞ ፈላጊው ምልክቱን ተክሎ ከገባ በኋላ ነበር ባለመሬቱ የሚሰማው።

የላንስዳውኑ ጉዳይ የተነሣው በዚህ መሐል ነው። በ2012 መጨረሻ ነዋሪዎቹ በሠፈራቸው ዩራኒየም እንደሚመረት ሲሰሙ ተቆጡ፤ ስብሰባ ተጠራ፣ ጥያቄ ዘነበ። የካናዳ የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽን በፋብሪካው ዙሪያ ያለውን አፈር አስመረመረ፤ የተገኘው ዩራኒየም በተፈጥሮ ከሚኖረው መጠን እንደማይለይ፣ ነዋሪው የሚወስደው ጨረርም በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ከሆነው ወሰን በእጅጉ እንደሚያንስ አስታወቀ። ይህን የሚያስተባብል ማስረጃ የለም፤ ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሥር ቸርኖቢል አለ ብሎ ሰውን ማስፈራራትም ስሕተት ነው። ነገር ግን ልኬቱ ጥሩ መሆኑ የ47 ዓመቱን ዝምታ አያጸድቀውም። ነገሩ ይህን ያህል ደኅና ከሆነ ከመጀመሪያው መናገር የሚከለክል ምን ነበር? ነዋሪዎቹ ከጨረሩ ሌላ በግቢው ስለሚቀመጠው ሃይድሮጂን፣ አደጋ ቢደርስ ማን በምን ቋንቋ እንደሚያስጠነቅቃቸው ጠይቀዋል። እነዚህ ጥያቄዎች በአፈር ናሙና አይመለሱም።

ፋብሪካው በ2016 መጨረሻ ወደ ቢደብሊውኤክስቲ ኩባንያ ተላለፈ። ፈቃዱን ለማደስ በመጋቢት 2020 በቶሮንቶና በፒተርቦሮ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ተካሄደ፤ በታኅሣሥ 2020 ኮሚሽኑ እስከ 2030 መጨረሻ የሚቆይ ፈቃድ ሰጠ። ውጤቱ ተቃዋሚዎቹ የፈለጉት አልነበረም። ነገር ግን በ1965 ማንም ያልተጠየቀበት ሥራ በ2020 በመቶዎች በሚቆጠሩ አስተያየቶች ፊት ራሱን ማስረዳት ነበረበት።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። ጥር 12 ቀን እሑድ ማለዳ በመላው ኦንታሪዮ ስልኮች ጮኹ፤ በፒከሪንግ አንድ ክስተት ተከስቷል የሚል የአስቸኳይ ጊዜ መልዕክት ደረሰ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ በስሕተት የተላከ መሆኑ ተነገረ። ብዙ ሰው ከፒከሪንግ 50 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ላለ ነዋሪ የታይሮይድ ዕጢን የሚከላከል የአዮዲን ክኒን በነጻ እንደሚሰጥ ያወቀው ያን ቀን ነው፤ ፓርክዴል በዚህ ክልል ውስጥ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ትዕዛዝ ቀረበ። ጥር 31 ቀን ደግሞ የሶጊን ኦጂብዌ ሕዝብ በብሩስ ማመንጫ አጠገብ ሊቆፈር የታቀደውን የኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ በድምፅ ወሰነ፤ ከ85 በመቶ በላይ አልቀበልም አለ። የግዛቱ የኃይል ኩባንያም አስቀድሞ ቃል እንደገባው ዕቅዱን ተወው። ለዓመታት የተጠናና በባለሙያዎች ተቀባይነት ያገኘ ፕሮጀክት በጎረቤቱ እምቢታ ቆመ፤ ሰማይም አልተደፋም። መጠየቅ ሥራ ያቆማል ብለው ለሚፈሩ ሰዎች መልሱ ቀላል ነው፦ አንዳንዴ ያቆማል፣ ሊያቆምም ይገባል።

2024–2025፦ አዲሱ መስፋፋትና የኛ ጥያቄ

በኅዳር 2024 የኑክሌር ቆሻሻ አስተዳደር ድርጅቱ ያገለገለውን ነዳጅ ለመቅበር በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ የዋቢጉን ሌክ ኦጂብዌ ሕዝብና የኢግናስ ከተማ አካባቢን መረጠ፤ ምርጫው የተደረገው ሁለቱም ማኅበረሰቦች ለሂደቱ ፈቃደኛ መሆናቸውን ካስታወቁ በኋላ ነው። እስካሁን የተጠራቀመው የነዳጅ እስር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ሁሉም በየማመንጫው ግቢ ተቀምጦ ይጠብቃል። በ2025 ደግሞ ኦንታሪዮ በዳርሊንግተን አራት አነስተኛ ሪአክተሮችን በ20.9 ቢሊዮን ዶላር ለመሥራት ወሰነች። እነዚህ እንደ ካንዱ በተፈጥሮ ዩራኒየም አይሠሩም፤ ካናዳ የማታመርተው የበለጸገ ነዳጅ ከውጭ መግባት አለበት። የ14 ቢሊዮኑን ታሪክ የሚያውቅ ከፋይ፣ የ20.9 ቢሊዮኑ ዋጋ ሲንር ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም አሁን፣ በጽሑፍ እንዲነገረው መጠየቅ መብቱ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ለመተባበር በ2019 ስምምነት ፈርማለች። በመስከረም 2025 የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኑክሌር ማመንጫ ዕቅድ መኖሩን ገልጸው፣ በዚያው ወር በሞስኮ የድርጊት መርሃ ግብር ተፈርሟል። መብራት ያላገኘ ሕዝብ በብዛት ባለበት አገር ኃይል መፈለግ ትክክል ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ግድብ እንደሚዳከምም እሙን ነው። «ያላደገ አገር እንደ ካናዳ እየተከራከረ ጊዜ ማጥፋት አይችልም» የሚል ሐሳብም ይሰማል። የካናዳ ታሪክ የሚያሳየው ግን ያለ ክርክር የተሠራው ሁሉ በኋላ ሲታይ ውድ መሆኑን ነው፦ ፖርት ሆፕ ያለ ክርክር ተበከለች፣ ማጽጃው ከቢሊዮን በላይ ፈጀ። ኢትዮጵያም የራሷን ትምህርት አግኝታለች። በ2018 በጉጂ የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው፣ ነዋሪዎች በልጆቻቸው ላይ ስላዩት የጤና ጉዳት አደባባይ ወጥተው ከጮኹ በኋላ ነው። ማዕድኑ ወርቅ ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቁፋሮ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ጥናት በመጨረሻ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ጥያቄው የሚነሣበት ጊዜ አሁን ነው። ለኢትዮጵያ ሦስት ነገሮች ከኮንክሪቱ መቅደም አለባቸው፦ ከሚሸጠውም ከሚገዛውም ወገን ነጻ የሆነና ውጤቱን ለሕዝብ የሚያትም የጨረር ተቆጣጣሪ፣ ያገለገለውን ነዳጅ ማን እንደሚወስድና ዕዳውን ማን እንደሚከፍል በግልጽ የሚናገር ውል፣ ቦታው ሲመረጥም «አይሆንም» የማለት መብት ያለው የአካባቢ ነዋሪ። በቶሮንቶም ሥራ አለ። የላንስዳውኑ ፈቃድ በ2030 መጨረሻ ያበቃል፤ ለሚቀጥለው ችሎት የሚዘጋጅ ጎረቤት የአደጋ ዕቅዱን ዛሬ መጠየቅ፣ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጠው መጠየቅ፣ አስተያየቱንም በጽሑፍ ማስገባት ይችላል። በኮሚሽኑ ፊት ለመናገር የኑክሌር ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። የኤልየት ሌክ ቆፋሪዎችም ሊቃውንት አልነበሩም፤ የሚተነፍሱት አየር ምን እንደያዘ እንዲነገራቸው ብቻ ጠየቁ፤ ከዚያ ጥያቄ የወጣው ሕግ ዛሬም በኦንታሪዮ በየሥራ ቦታው ይሠራል።